ሎዋር፣ ቦይ ወይስ ነጩ መንገድ? የፈረንሳይን ገጠር በሳይክል ለማየት አምስት አማራጮች ሲመዘኑ

«ፈረንሳይን በሳይክል ላያት ነው፤ የት ልሂድ?» የሚል ጥያቄ የአውሮፓ በጋ ሊገባ ሲል አይቀርልኝም። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ግማሹን መልስ ይዞ ነው የሚመጣው። የሎዋር ወንዝ ዳር ግንቦችን በፎቶ አይቷል፤ ወይም ካናል ዱ ሚዲ የሚባለውን የጀልባ ቦይ የዛፍ ጥላ። ፎቶ ግን ነፋስ አያሳይም። ከጎማው ስር ያለውን የዛፍ ሥር አያሳይም። ሰኞ ዳቦ ቤቱ እንደሚዘጋም አይናገርም።

ስለዚህ ከውበት አልጀምርም። አምስቱም ቆንጆ ናቸው፤ በውበት ማበላለጥ ከተጀመረ አያልቅም። የምጀምረው እግርን፣ ሆድንና ኪስን ከሚነካው ነው። አንድ ነገር ስለ ራሴ ልናገር፦ ብርቱ ብስክሌተኛ አይደለሁም። ድንኳንና ልብስ ጭኜ በቀን ከ50 እስከ 70 ኪሎ ሜትር ነው የምሄደው። ዳገት ሲበረታ ወርጄ መግፋት አያሳፍረኝም። ምክሬንም በዚሁ ልክ ውሰዱት። ሰዓትና ወር የምጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን የፈረንጆቹ ነው።

## መጀመሪያ መስፈርቱ

ጸጥታ። መኪና የሌለበት መንገድና ሰው የሌለበት መንገድ አንድ አይደሉም። በነሐሴ የሎዋር ዳርቻ ላይ መኪና እምብዛም የለም። ግን ከፊታችሁ ልጆቹን በተጎታች የጫነ አባት፣ ከኋላችሁ ደወሉን የሚያንጫርር ጡረተኛ አለ። ክሮዝ በሚባለው አውራጃ ደግሞ መንገዱ የመኪና ነው፤ መኪናው ግን አልፎ አልፎ ነው የሚታየው። የትኛውን ጸጥታ እንደምትፈልጉ ሳትወስኑ መንገድ አትምረጡ። ቀሪው ሁሉ ከዚህች ጥያቄ የሚመዘዝ ነው።

ዳገት። ከባሕር ጠለል በላይ ስንት ሜትር ነው የሚለው ብዙ አይነግራችሁም። በቀን ስንት ጊዜ ወርዶ ስንት ጊዜ ይወጣል? እሱን ጠይቁ።

ከጎማ ስር ያለው። አስፋልት፣ የተደመደመ ጠጠር፣ ወይስ አፈርና ሥር? በቀጭን ጎማ አፈር ላይ መግባት የእረፍትን ቀን ለጎሚስታ መስጠት ነው። ጎሚስታውም የለም።

ዳቦና መኝታ። ከአንዱ ዳቦ ቤት እስከ ቀጣዩ ስንት ኪሎ ሜትር አለ? ድንኳን የሚተከልበትስ?

ባቡር። ለመድረስ ብቻ አይደለም፤ ለማቋረጥም ነው። ሦስት ቀን ዝናብ ቢጥል ወይም ጉልበት ቢያስቸግር መውጫው የት ነው?

ኪራይ። የራሱን ሳይክል ይዞ ለሚመጣ ይህ ምንም አይደለም። ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ለሚመጣ ግን ምርጫውን በግማሽ ይቀንሳል።

## ሎዋር፦ የሁሉ ሰው መንገድ

ላ ሎዋር አ ቬሎ ይሉታል፤ «ሎዋር በብስክሌት» ማለት ነው። ከኔቬር ከተማ አካባቢ ተነስቶ አትላንቲክ ዳር ሴን ብሬቨን እስኪደርስ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቀው የዩሮቬሎ 6 የብስክሌት መንገድ አካልም ነው። ሁሉንም መጨረስ አይጠበቅባችሁም። ከኦርሌአን እስከ ሶሚር ያለው ለአንድ ሳምንት ይበቃል፤ ግንቦቹም የተከመሩት እዚያ ነው። ሻምቦር አለ፤ ግንባታው በ1519 የተጀመረ፣ በ32 ኪሎ ሜትር አጥር የተከበበ ደን ውስጥ የተቀመጠ። ወረድ ብሎ አምቧዝ አለ፤ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በዚያው በ1519 ያረፈበት።

ሎዋር ከመስፈርቶቹ አምስቱን ያለ ችግር ያልፋል። ሜዳ ነው። ምልክቱ በየመታጠፊያው ስላለ ካርታ ሳይዙ መሄድ ይቻላል። «አኬይ ቬሎ» የሚል ምልክት የለጠፉ ማረፊያዎች ከመንገዱ 5 ኪሎ ሜትር ሳይርቁ ሳይክል የሚቆለፍበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ ያዘጋጃሉ። ሳይክል አንዱ ከተማ ተከራይቶ ሌላው ከተማ መመለስ ይቻላል። የባቡር ሐዲዱ ከወንዙ ብዙ አይርቅም፤ በሰመር ለሳይክል ተብሎ የተዘጋጀ ፉርጎም አለ።

የሚወድቀው ጸጥታው ላይ ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብሎዋና አምቧዝ አካባቢ ሰው በሰው ላይ ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ግንቦት ወይም መስከረም ላይ መሄድ። ሁለተኛው ግንብ የሌለበትን መምረጥ፦ ከኔቬር እስከ ሱሊ ያለውን የላይኛውን ክፍል። እዚያ መሐል ብሪያር ላይ ቦዩ ራሱ በ662 ሜትር የብረት ድልድይ ወንዙን ይሻገራል። ከታች ወንዝ፣ ከላይ ጀልባ። ቱሪስቱ ግንብ ፍለጋ ወደ ታች ስለሚሮጥ ያለ ግፊያ ቆሞ ማየት ይቻላል።

ሁለት ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ነፋሱ የሚመጣው ከምዕራብ፣ ከባሕሩ ነው። ብዙ ሰው ወንዙን ተከትሎ ወደ ባሕር ይነዳል፤ «ቁልቁለት ነው» ብሎ። ቁልቁለቱ ለእግር የማይታወቅ ነው፤ ነፋሱ ግን ደረት ላይ ነው የሚያርፈው። እኔ ብሆን ከአንዤ ተነስቼ ወደ ምሥራቅ እሄዳለሁ። ሌላው፣ ወንዙ ዳር አራት የኑክሌር ኃይል ማመንጫዎች አሉ። ከግንብ ግንብ ስትሄዱ እንፋሎት የሚተፋ ማማ ድንገት ከፊታችሁ ቢቆም አትደንግጡ። በማስታወቂያው ፎቶ ላይ የለም።

## የደቡቡ ቦዮች፦ አንዱ ጨርቅ፣ ሌላው ወንፊት

ሰው «ካናል ዱ ሚዲ» ሲል ብዙ ጊዜ ሁለት ቦይ አንድ ላይ መጥራቱ ነው። ከቦርዶ ወገን እስከ ቱሉዝ ያለው ካናል ደ ጋሮን ነው፤ 193 ኪሎ ሜትር። ከቱሉዝ ወደ ሜዲትራኒያን የሚወርደው ካናል ዱ ሚዲ ነው፤ 240 ኪሎ ሜትር። መንገዱ የሚያልቀው ሴት ከተማ ነው። አትሳቁ፤ ስሟ እንደዚያው ነው።

ለእግር ግን ሁለቱ በጭራሽ አይገናኙም። የጋሮን ቦይ ዳር ከሞላ ጎደል አስፋልት ነው። ጨርቅ ላይ እንደ መንሸራተት ነው። ዳገት የሚባለው ጀልባ ከፍና ዝቅ የሚያደርጉት የውሃ በሮች ጋ ብቻ ነው፤ ሁለት ሦስት ሜትር ከፍ ትሉና እንደገና ሜዳ። አዣን ላይ ቦዩ ከ500 ሜትር በሚበልጥ የድንጋይ ድልድይ የጋሮንን ወንዝ ይሻገራል። ሞዋሳክ ላይ በ12ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጸ የገዳም ደጅ አለ፤ ከሳይክል የሚያስወርድ ነው። ችግሩ መንገዱ ቀጥ ማለቱ ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ ውሃው፣ ዛፉና መንገዱ አንድ ሆነው እንቅልፍ ይጠራሉ። ብቻውን ለሚጓዝ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከልጅ ጋር ለሚጓዝ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ካናል ዱ ሚዲ ሌላ ታሪክ ነው። ፒየር ፖል ሪኬ የሚባል ሰው በ1666 አስጀመረው፤ በ1681 ሲከፈት እሱ ከሞተ ወራት አልፈው ነበር። ከቱሉዝ እስከ ፖር ሎራጌ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ጥሩ አስፋልት ነው። ሰው እዚህ ላይ ነው የሚታለለው። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ ያልቅና የጀልባ ጎታች ፈረሶች የሄዱበት የድሮ የአፈር መንገድ ይመጣል። እየታደሱ ያሉ ክፍሎች አሉ፤ ግን ብዙ ቦታ ጠባብ ነው፤ የዛፍ ሥርም አቋርጦታል።

ከካስቴልኖዳሪ የወጣሁበትን ቀን አልረሳውም። ሥሮቹ እንደ ጅማት ተወጣጥረው መንገዱን ያቋርጣሉ። በየአምስት ሜትሩ አንድ። መጀመሪያ ጥርሴ ተንገጫገጨ። ከዚያ ከኋላዬ የሆነ ነገር መምታት ጀመረ፤ የኋላ መጫኛው ብሎን ተፈቶ ወድቋል። ወደ ኋላ ተመልሼ ግማሽ ሰዓት ቅጠል ለቅጠል ፈለግኩት። የለም። ቀበቶዬን ፈትቼ መጫኛውን ከሳይክሉ አካል ጋር አሰርኩት። ካርካሶን ስገባ ከሳይክሉ የወረድኩት ሱሪዬን በእጄ ይዤ ነው። ከዚያ ወዲህ ትርፍ ብሎንና የኤሌክትሪክ ፕላስቲክ ማሰሪያ ሳልይዝ አልወጣም። እናንተም በዚህ መንገድ ከ40 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ጎማ ይዛችሁ አትግቡ።

ስለ ጥላውም እውነቱን እንነጋገር። ፎቶ ላይ የምታዩአቸው ትልልቅ የፕላታን ዛፎች ከ2006 ወዲህ በፈንገስ በሽታ ተይዘዋል። መድኃኒት ስላልተገኘለት በሺዎች የሚቆጠሩ ተቆርጠዋል። ፈንገሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአሜሪካ በመጣ የጥይት ሳጥን እንጨት እንደገባ ይታመናል። ስለዚህ ጥላ አለ ብላችሁ የሄዳችሁበት ቦታ ራስ የሚበሳ ፀሐይ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ከ5 ሰዓት በኋላ መንዳት አልመክርም።

## ቡርጎኝ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር

እዚህ አጠር ላድርገው። ምክንያቱም የቡርጎኝ ክልል ብዙ የሚያከራክር ነገር የለውም።

ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የድሮ ባቡር መስመር አለ። ሐዲዱ ተነስቶ በ1997 ለብስክሌትና ለእግረኛ ተከፈተ፤ በፈረንሳይ የመጀመሪያው ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱም አይወድም። ጣቢያዎቹ አሁን የሻይ ቤትና የኪራይ ቤት ሆነዋል። ከክሉኒ ወደ ማኮን ሲወረድ 1.6 ኪሎ ሜትር ዋሻ አለ። በብርዱ ወራት ለሌሊት ወፎቹ ሲባል ይዘጋል። በሰመር ክፍት ነው፤ ሹራብ ልበሱ፣ ውስጡ ይበርዳል። መንገድ ላይ የቴዜ መንፈሳዊ ማኅበር አለ፤ ከየአገሩ ወጣት የሚሰበሰብበት። የማታው ዝማሬ ላይ ላቡን ያልጠረገ ብስክሌተኛ ቢገባ ዞሮ የሚያየው የለም።

ጸጥታ ከፈለጋችሁ ግን ወደ ካናል ዱ ኒቬርኔ ዙሩ። ከኦሴር ወደ ደሲዝ 174 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦዩ የተቆፈረው ፓሪስ የምትሞቀውን የማገዶ እንጨት ከሞርቫን ደን ለማውረድ ነበር። ዛሬ እንጨቱም ነጋዴውም የለም። ሳርዲ አጠገብ 16 የውሃ በሮች እንደ ደረጃ ተደርድረዋል። በግንቦት እዚያ ከጠባቂዎቹ ቤት አትክልት ሌላ የሚያይ ነገር አላገኘሁም። ለእኔ ከአምስቱ ውስጥ ድካምና ጸጥታ የተመጣጠኑበት ይህ ነው።

## ቬሎ ፍራንሴት፦ ሁሉንም በጥቂቱ

ከኖርማንዲ ባሕር ዳር ከዊስትራም ተነስቶ አትላንቲክ ዳር ላ ሮሼል ይገባል። ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መነሻው የ1944ቱ የተባበሩት ኃይሎች ጦር የወረደበት ዳርቻ ነው። ከዚያ የኦርን ሸለቆ ገደሎች፣ የማየን ወንዝ ዳርቻ፣ ከዚያ ሎዋርን ማቋረጥ፣ መጨረሻ ላይ ማሬ ፖዋትቫን፤ ውሃው በቅጠል ተሸፍኖ አረንጓዴ ምንጣፍ የሚመስልበት ረግረግ።

ጥሩ ጎኑ መሰልቸት የለውም። አገሩ በየሁለት ቀኑ ይለወጣል። የሎዋር ያህል ሰው የለበትም። በተለይ ከማየን ከተማ ወደ ደቡብ ወንዙን ተከትሎ የሚወርደው የደለደለ መንገድ እጅግ ጸጥ ያለ ነው። መጥፎ ጎኑ ዝናብ ነው፤ ኖርማንዲ በከንቱ አልለመለመችም። ሁለተኛ፣ ፍሌርና ዶንፍሮን አካባቢ ትንንሽ ዳገቶች አሉ። ሦስተኛ፣ መሐሉ ላይ ባቡር ይሳሳል፤ እንደ ካን፣ ላቫል፣ አንዤ፣ ኒዮርና ላ ሮሼል ያለ ከተማ ካልደረሱ በቀላሉ ማቋረጥ አይቻልም።

## ነጫጮቹ መንገዶች፦ ምልክት የሌለው ፈረንሳይ

አሁን ልቤ ወዳለበት መጣሁ።

የሚሽላን የወረቀት ካርታ ስትዘረጉ መንገዶቹ በቀለም ተለይተዋል። ቀይ ዋና መንገድ ነው። ቢጫ ሁለተኛ ደረጃ። ከእነሱ መሐል እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ነጫጭ መስመሮች አሉ። እነዚያ ናቸው። ከጎኑ አረንጓዴ የተሰመረበት ደግሞ ዕይታው ያማረ ነው ማለት ነው። ነጩ ሁሉ ከሞላ ጎደል አስፋልት ነው፤ የላምና የፖስታ መኪና መንገድ ነው። ማንም «የብስክሌት መንገድ» ብሎ ስም አልሰጠውም። ምልክት የለውም። የምትመርጡትም የምትሳሳቱትም እናንተ ናችሁ።

የት? ብዙ ቦታ ይቻላል። እኔ የማውቀው ክሮዝን ነው። በመላው አውራጃ ያለው ሰው 115 ሺህ ገደማ ነው፤ ከፈረንሳይ አውራጃዎች ከእሱ ያነሰ ሕዝብ ያለው ሎዜር ብቻ ነው። ወንዶቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስን ለመገንባት በእግር እየሄዱ ድንጋይ ጠራቢነት ይሠሩ ነበር። የቀረው ግራናይት ቤት፣ ቀይ የሊሙዛን ከብትና የደረት ነት ዛፍ ነው። ላ ሱተሬን የምትባለው ከተማ ከፓሪስ ወደ ሊሞዥና ቱሉዝ የሚሄደው ባቡር መስመር ላይ ስላለች መግቢያው እሷ ናት።

ዳገቱን አላቃልለውም። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል፤ የአልፕስንና የፒሬኔን ግድግዳ ለእሱ እንተወው። ክሮዝ ውስጥ እንደዚያ ያለ ተራራ የለም። እንደ አባይ በረሃ አንድ ትልቅ ዳገትም የለም። ያለው ትንሽ ዳገት ነው፤ ግን አያልቅም። ወንዝ ትወርዳላችሁ፣ ትወጣላችሁ። መንደር ታልፋላችሁ፣ ትወርዳላችሁ። በ60 ኪሎ ሜትር ውስጥ ተደምሮ 900 ሜትር መውጣት የተለመደ ነው። በሎዋር 80 የሚሄድ ሰው እዚህ 50 ላይ ቢያቆም ነውር የለበትም። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ያለው ሰው ደግሞ የከፈለበትን ገንዘብ የሚያስመልሰው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ሆድ ነው። ዳቦ ቤት በሳምንት አንድ ቀን ይዘጋል፤ ብዙ ጊዜ ሰኞ። ሱቅ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ይዘጋል። እሑድ ከሰዓት ምንም የለም። አንድ ሰኞ ባዶ ቦርሳ ይዤ ሦስት መንደር አለፍኩ። ሦስቱም ዝግ። አራተኛው ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ስር የቆመ ማሽን አየሁ። ሳንቲም ሲጎርስ ባጌት ይተፋል። ዳቦው የጠዋት ነበር። ቆሜ ጨረስኩትና ሁለተኛ ገዛሁ። በሌላውስ መንደር እንደዚያ ያለ ማሽን ቢጠፋ? ስለዚህ ሁልጊዜ የአንድ ቀን ስንቅ ቦርሳ ውስጥ ይኑር።

ውሃ ሲያልቅ ግን መላ አለው፤ መቃብር ቦታ። ከየመንደሩ ዳር ግንብ አጥር ያለው የመቃብር ስፍራ አለ፤ በሩ አጠገብ ቧንቧ። አበባ ለማጠጣት ነው። አረንጓዴ የፕላስቲክ ማጠጫዎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። መጀመሪያ አልደፈርኩም፤ እኛ አገር ከመቃብር ውሃ ቀድቶ የሚጠጣ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። አንዲት አሮጊት አበባቸውን እያጠጡ ነበር። «ቦንዡር ማዳም» አልኳቸው። ኮዳዬን አዩት፤ ማጠጫቸውን አወረዱና ከቧንቧው ገለል አሉልኝ። «ኦ ኖን ፖታብል» የሚል ጽሑፍ ካለ ግን አይጠጣም ማለት ነው፤ ተዉት።

ሰላምታ ካነሳሁ፦ ሱቅ ስትገቡ ከዕቃው በፊት «ቦንዡር» ይቅደም። ያለ ሰላምታ የገባ ሰው እዚያም እንደ እኛው ነው የሚታየው።

ደኅንነትን በተመለከተ ሦስት ነገር። ምልክት በሌለበት መስቀለኛ ከቀኝ የሚመጣ ቅድሚያ አለው፤ ትራክተርም ቢሆን። በሌሊትና በጭጋግ ከከተማ ውጪ አንጸባራቂ ሰደርያ ሕጉ ያስገድዳል። ከመስከረም ጀምሮ ደግሞ የአደን ወቅት ነው። ጫካ ውስጥ ደማቅ ልብስ ልበሱ።

## በአንድ እይታ

| መንገድ | ጸጥታ | ዳገት | ከጎማ ስር | ዳቦና መኝታ | ባቡር | ኪራይ |
|---|---|---|---|---|---|---|
| ሎዋር | መኪና ጥቂት፣ ሰው ብዙ | ሜዳ | አብዛኛው ለስላሳ | በየቦታው | በጣም ጥሩ | ቀላል |
| ካናል ደ ጋሮን | ጥሩ | ሜዳ | አስፋልት | በቂ | ጥሩ | ይገኛል |
| ካናል ዱ ሚዲ | ጥሩ | ሜዳ | ከፖር ሎራጌ በኋላ አፈርና ሥር | በቂ | ጥሩ | ይገኛል |
| ቡርጎኝ (ባቡር መስመርና ኒቬርኔ) | ጥሩ፤ ኒቬርኔ በጣም ጥሩ | በጣም ቀላል | አስፋልትና የተደመደመ ጠጠር | በቂ | መካከለኛ | ይገኛል |
| ቬሎ ፍራንሴት | በጣም ጥሩ | ሰሜኑ ትንሽ ዳገት | ድብልቅ | በቂ | የሳሳ | ጫፎቹ ላይ |
| ነጫጭ መንገዶች (ክሮዝ) | ሰውም መኪናም ጥቂት | የማያልቅ | አስፋልት | የራቀ፣ የሚዘጋ | ጥቂት | አስቸጋሪ |

ስለ ባቡር አንድ ማስታወሻ። ቴ ኧ ኧር የሚባሉት የክልል ባቡሮች ሳይክል አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይጭናሉ፤ በሰመር ግን አንዳንድ መስመሮች አስቀድሞ ማስያዝ ይጠይቃሉ። ቴ ዤ ቬ በሚባለው ፈጣን ባቡር ላይ ሳይክሉ ፈታ ተደርጎ 130 በ90 ሳንቲ ሜትር ቦርሳ ውስጥ መግባት፣ ወይም ቦታ ተከፍሎበት መያዝ አለበት። ዓርብ ማታ ከፓሪስ ሳይክል ይዞ መውጣትን አትሞክሩት።

## ኪስና ሆድ

መንገዶቹ ራሳቸው በነጻ ናቸው። ወጪውን የሚወስነው መኝታ ነው። የማዘጋጃ ቤት ካምፒንግ በየትንሹ ከተማ አለ፤ ለአንድ ሰውና ለአንድ ድንኳን ከ10 እስከ 20 ዩሮ ይበቃል፤ ሙቅ ሻወር አለው። ጂት ደታፕ የሚባለው የጋራ መኝታ ከ20 እስከ 30 ዩሮ ነው። ሻምብር ዶት፣ ማለትም ሰው ቤት ከቁርስ ጋር የሚከራይ ክፍል፣ ለሁለት ሰው ከ70 እስከ 100 ዩሮ ያስወጣል። ድንኳን ይዞ ራሱ የሚያበስል ሰው በቀን በ40 ዩሮ ገደማ ይውላል። በምግብ ቤት መብላት ከፈለጋችሁ ቀን ብሉ እንጂ ማታ አይሁን፤ የቀኑ «ምኑ»፣ ማለትም በቁርጥ ዋጋ የሚቀርበው ምግብ፣ ከማታው በብዙ ይረክሳል።

ለሚጾም አንባቢ ደግሞ ይህችን ልጨምር። ፍልሰታ የሚውለው ልክ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ባለበት ጊዜ ነው፤ ከነሐሴ 1 እስከ 15። ባጌት ትራዲስዮን የሚባለው ዳቦ በሕግ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፤ ቅቤ የለበትም። ክሩዋሳን ግን ቅቤ ነው፤ እዚያ ላይ አትታለሉ። በዚህ ረገድ ደቡቡ ያሸንፋል። ቦዩ ዳር ባሉ ገበያዎች ቲማቲም፣ ኮክ፣ ሐብሐብና ወይራ እንደ ልብ ነው። ኖርማንዲ ያለ ክሬም ምግብ አይሠራም፤ ክሮዝ ደግሞ የበሬ አገር ነው። የትም ብትሆኑ ግን የፑዊ አረንጓዴ ምስር በቆርቆሮ ይገኛል። ቃሪያና ሽንኩርት ክተፉበት።

## ለማን የትኛው

ከትንንሽ ልጆች ጋር፦ ካናል ደ ጋሮን፣ ወይም ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ። መኪና የለም፣ ዳገት የለም። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ የራስ ቁር በሕግ ግዴታ ነው።

ከኢትዮጵያ በቪዛ ለሚመጣ፦ ሎዋር። የሸንገን ማመልከቻ የማረፊያ ማስረጃና ቢያንስ የ30 ሺህ ዩሮ ሽፋን ያለው የጉዞ መድን ይጠይቃል። «ማታ የደረስኩበት መንደር እተኛለሁ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። በሎዋር ግን ሁሉንም ሌሊት ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ታስይዛላችሁ። ሳይክል ከአዲስ አበባ ጭኖ መምጣት አያስፈልግም፤ ቱር ወይም ኦርሌአን ከተማ ላይ ተከራዩ። ከ2,300 ሜትር ላይ የኖረ ሳንባ እዚያ ሜዳ ላይ ምን እንደሚሰማው ራሳችሁ ታዩታላችሁ።

አውሮፓ ለሚኖርና አንድ ሳምንት ብቻ ላለው፦ ካናል ዱ ኒቬርኔ። ከፓሪስ ኦሴር በክልል ባቡር ይደረሳል። በአራት አምስት ቀን ደሲዝ ትገባላችሁ፤ ቀን ከተረፈ ወደ ኔቬር ወርዶ የላይኛውን ሎዋር መቀጠል ይቻላል።

ሁለት ሳምንት ላለውና መሰልቸት ለሚፈራ፦ ቬሎ ፍራንሴት፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ። ከዝናቡ ወደ ፀሐዩ መውረድ ይሻላል። በግንቦት ብትጀምሩት ጥሩ ነው፤ የዝናብ ልብስ ግን ይኑር።

ካናል ዱ ሚዲን ካላየሁ ላላችሁ፦ ሙሉውን አትነሱ። ቱሉዝ ተነስታችሁ ፖር ሎራጌ ድረስ በአስፋልቱ ሂዱ፣ ካስቴልኖዳሪ ላይ ባቡር ያዙ፣ ቤዚየ ውረዱ፣ የፎንሴራንን የውሃ በር ደረጃ ቆማችሁ እዩ፣ ከዚያ ወደ ባሕሩ። የዛፉን ሥር ለእኔ ተዉት።

ብቻውን፣ ሰው ሳያይ መዋል ለሚፈልግ፦ ነጩ መንገድ። ግን የመጀመሪያ ጉዟችሁ አታድርጉት። አንድ ጊዜ በቦይ ዳር ሂዱና ኮርቻችሁ ከእናንተ ጋር ይስማማ፣ ቦርሳው ይቅለል፣ ጎማ መቀየር ልመዱ። ከዚያ አንድ የሚሽላን ካርታ ግዙ፣ ላ ሱተሬን ውረዱ፣ ቀይና ቢጫ መንገድ እያቋረጣችሁ ወደ ምሥራቅ ሂዱ። ቅዳሜ ማታ የሁለት ቀን ዳቦ መግዛት እንዳትረሱ።